ሞተር የማይሰማበት መንገድ

የተከበራችሁ የአማኑኤል ከተማና የማቻከል ወረዳ ነዋሪዎች፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ መምህራን፣ ወጣቶች፤ 

የምናገረው ስለ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስ አልፎ፣ በእኛ በኩል ወደ ደምበጫና ወደ ባሕር ዳር ስለሚሄደው አስፋልት አይደለም። ስለ እሱ በየስብሰባው ይነሣል፤ በጀት ይያዝለታል፤ ሲቦረቦር እንጮኽለታለን። እኔ የመጣሁት ስለ ሌላው መንገድ ልነግራችሁ ነው። ከጎጥ ወደ ገበያ፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመንደር ወደ ትምህርት ቤት ስለሚወስደው፣ ሲኖ ትራክ ስለማይገባበት የእግርና የከብት መንገድ። ያ መንገድ አባቶቻችን የሄዱበት ነው፤ ዛሬም ከእኛ ብዙዎቻችን በየቀኑ የምንሄደው በእሱ ነው፤ ግን ተቆርቋሪ የለውም።

ነገሩን ከሩቅ፣ ከፈረንሳይ ገጠር ልጀምር። ከዚያ የምጀምረው ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን መንገድ አንድ ጊዜ ካጡት በኋላ በብዙ ገንዘብና በብዙ ዓመት ድካም መልሰው ስላገኙት ነው። እኛ ገና አላጣነውም። ዛሬ ማታ ልታስቡበት የምፈልገው ይህንኑ ነው።

በፈረንሳይ ዛሬ አንድ ሰው ብስክሌቱ ላይ ሁለት ቦርሳ ጭኖ፣ አብዛኛውን መንገድ የመኪና ጥሩንባ ሳይሰማ ሳምንት ሙሉ መጓዝ ይችላል። ሎዋር የተባለውን ታላቅ ወንዝ ተከትሎ የሚሄደው የብስክሌት መስመር ከአገሪቱ መካከል ተነሥቶ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ወንዙ ሲሞላ መንደሩን እንዳያጥለቀልቅ ከጥንት ጀምሮ የተሠራ የአፈር ግድብ አለ፤ መንገዱ በብዙ ቦታ በዚያ ግድብ ጀርባ ላይ ይሄዳል። በሌላ ቦታ በወይን እርሻ መካከል ያልፋል። ሙሉ በሙሉ ከመኪና የተለየ ማለፊያ ባልተገኘበት ደግሞ ትራክተርና የመንደሩ ሰው መኪና ብቻ አልፎ አልፎ በሚያልፉበት ቀጭን የገጠር መንገድ ይቀጥላል። በምዕራቡ የባሕር ዳርቻም ቬሎዲሴ የሚባል መስመር አለ፤ ከሮስኮፍ ወደብ ተነሥቶ በስፔን ድንበር ላይ እስካለችው እስከ አንዳይ ከተማ ድረስ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳል። አንዳይ የምትባለውን ከተማ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ከጎጃም ጋር የሚያገናኛት ነገር ስላለ እመለስባታለሁ።

እነዚህ ተጓዦች ተወዳዳሪዎች አይደሉም። በቴሌቪዥን የምታዩት ቱር ደ ፍራንስ ሌላ ነገር ነው። የእኔዎቹ በቀን 40 ወይም 60 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ በቃን የሚሉ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ሕፃን በተጎታች ጋሪ አስከትለው የሚነዱ እናት፣ ትምህርት ቤት የተዘጋላቸው ወጣቶች። ጠዋት ከዳቦ ቤት ዳቦ ይገዛሉ፤ ቀትር ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ይበላሉ፤ ሲመሽ በመንደር እንግዳ ማረፊያ ያድራሉ። በመኪና 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ሰው በመንደሩ ውስጥ አንድ ሳንቲም ሳይጥል ያልፋል። ብስክሌተኛው ግን ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ይመሽበታል፤ ስለዚህ ይቆማል።

ይህ መንገድ ከየት መጣ? በ1879 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሻርል ደ ፍሬሲኔ የተባለው የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር ባቡር እስከ ትንንሾቹ የአውራጃ ከተሞች ድረስ እንዲደርስ የሚያደርግ ትልቅ ዕቅድ አስጸደቀ። በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የገጠር ሐዲድ ተዘረጋ። ከዚያ አውቶቡስና የጭነት መኪና መጡ፤ ትንንሾቹ ባቡሮች ሰውም ዕቃም አጡ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መስመሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ሐዲዱ ተነቅሎ ሲወሰድ የቀረው የተደለደለ መሬት፣ የድንጋይ ድልድይ፣ ዋሻና ሰው የሌለበት ጣቢያ ነበር። ብዙውን እሾህ ዋጠው፤ ጥቂቱ ታረሰ፤ ጥቂቱ ተሸጠ።

በቡርጎኝ አካባቢ ግን ከጂቭሪ እስከ ክሉኒ ያለውን 44 ኪሎ ሜትር አሮጌ የባቡር መስመር አስፋልት አልብሰው በ1997 እ.ኤ.አ. ለእግረኛና ለብስክሌት ከፈቱት። በፈረንሳይ የመጀመሪያው ‹አረንጓዴ መንገድ› ይህ ነው። መሐንዲሶች ያልሆናችሁም ይህን አስተውሉልኝ። የእንፋሎት ባቡር ከባድ ጭነት እየሳበ ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ የጥንቶቹ መሐንዲሶች ኮረብታውን ዞረው ወይም ቆርጠው፣ ሸለቆውን በድልድይ አሻግረው፣ መስመሩን ለስላሳ አደረጉት። ለባቡር ተብሎ የፈሰሰው ያ ሁሉ ላብ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሰባ ዓመት አዛውንትና ለስድስት ዓመት ሕፃን ዋለ። ከክሉኒ በስተደቡብ በዚያው መስመር ላይ ቧ ክሌር የሚባል 1,600 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ አለ። ብርድ ሲገባ ዋሻውን ይዘጉታል፤ የሌሊት ወፎች ክረምቱን ተኝተው የሚያሳልፉበት ስለሆነ ነው። ብስክሌተኛው በኮረብታው ዞሮ ይሄዳል። ለሌሊት ወፍ እንቅልፍ ሲባል ሰው የሚዞርበት መንገድ መኖሩ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሐዲድ ካነሣን፣ በአገራችንም ፈረንሳዮች የሠሩት አለ። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 እ.ኤ.አ. ከተመረቀ በኋላ አሮጌው መስመር በብዙ ቦታ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ስለ እሱ የአዋሽና የሐረርጌ ሰው ይናገርበት። ጎጃም ሐዲድ አላየም፤ የእኛ ሀብት ሌላ ነው።

ሁለተኛው የፈረንሳዮች ሀብት የጀልባ ቦይ ነው። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ያለው ካናል ዱ ሚዲ 240 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ፒየር ፖል ሪኬ የተባለ ሰው በ1666 እ.ኤ.አ. አስጀመረው፤ ራሱ ግን ሥራው ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት ሞተ፤ በ1681 ተከፈተ። ያን ጊዜ ጀልባውን በገመድ የሚጎትቱት ፈረሶች ስለነበሩ በቦዩ ዳር የከብት መንገድ ነበረው። ሞተር ሲመጣ ፈረሶቹ ከሥራ ወጡ፤ መንገዳቸው ግን ለሰው ቀረ። በቦዩ ዳርና ዳር አንድ ዓይነት የሆኑ 42,000 ያህል ዛፎች ነበሩ። በ2006 እ.ኤ.አ. የሚያደርቃቸው የፈንገስ በሽታ ታየባቸው፤ ከዚያ ወዲህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ተቆርጠው ተቃጥለዋል። መንገድ ዳር ባሕር ዛፍ ብቻ ለምንተክል ለእኛ ይህ የሚነግረን ነገር አለ። ባሕር ዛፍ ለቤትና ለማገዶ ባለውለታችን ነው፤ ለመንገድ ጥላ ግን ዋንዛ፣ ወይራ፣ ብሳና፣ ኮሶ አለን፤ እየተቀላቀሉ ቢተከሉ ይሻላል።

በ2004 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ የትራፊክ ደንብ አረንጓዴ መንገድ ምን እንደሆነ ወሰነ፦ ሞተር ለሌለው ተሽከርካሪ፣ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ብቻ የተለየ መንገድ። ፈረሰኛን ሳይረሳ የተጻፈ ሕግ በፈረስ አገር ሊነገር ይገባዋል።

ለእኛ ግን ከሐዲዱም፣ ከቦዩም፣ ከዚህ ደንብም የሚበልጥብን ሌላ ሕግ አለ። በፈረንሳይ ብዙ የማይወራለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥታቸው የገበሬውን የተበጣጠሰ ማሳ እያሰባሰበ ትልልቅ ማሳ አደረገ፤ ትራክተር እንዲዞርበት። በዚያ ሥራ የቁጥቋጦ አጥሩና የጥንቱ የእግር መንገድ አብረው ታረሱ። ያን ጊዜ የጮኸ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም መኪና እየገዛ ስለነበር የእግሩን መንገድ የሚፈልገው አልነበረም። ከአንድ ትውልድ በኋላ ልጆቹ በእግር መሄድ ሲያምራቸው መንገዱ የለም። በ1983 እ.ኤ.አ. አንድ ሕግ ወጣ። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የእግር መንገዶቹን ዝርዝርና ካርታ እንዲያዘጋጅ አደረገ። በዝርዝሩ የገባን የገጠር መንገድ የመንደሩ ማዘጋጃ ቤት ሊሸጠው ቢፈልግ፣ ጉዞውን የማያቋርጥ ሌላ ተተኪ ማለፊያ ማቅረብ አለበት፤ ሳያቀርብ ቢሸጥ ሽያጩ ፈራሽ ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ ሕግ አንድ ድንጋይ አላነጠፈም፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አልገዛም። መንገዱን ጻፈው፤ የተጻፈው መንገድ ደግሞ ባለቤት አገኘ። የብስክሌት መስመሮቹ ያማሩት በኋላ፣ ገንዘብ ሲገኝ ነው።

አሁን ወደ አንዳይ ልመለስ። ከሮስኮፍ ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የነዳ ብስክሌተኛ አንዳይ ሲደርስ ከባሕሩ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ አንድ ግንብ ያያል። ከ1864 እስከ 1879 እ.ኤ.አ. የተሠራው የአንትዋን ዳባዲ ግንብ ነው። ውስጡ ሲገቡ በግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ሰው ሥዕል፣ የእኛው ፊደል ተጽፎ ይገኛል። አንትዋንና ወንድሙ አርኖ በ1838 ምጽዋ ደርሰው ለአሥር ዓመት ያህል በአገራችን የኖሩ ሰዎች ናቸው። አርኖ የጎጃሙ የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ባለሟል ሆኖ አብሮ ዘመተ፤ በኋላም ስለዚያ ዘመን መጽሐፍ ጻፈ። አንትዋን ደግሞ ከየተራራው ጫፍ ማዕዘን እየለካ የአገሩን ካርታ ሠራ፤ በ1843 ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ እስከ እናርያ ዘለቀ፤ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ።

በምን መንገድ ሄደ ብላችሁ ጠይቁ። በእነዚህ በእኛ መንገዶች ነዋ፤ በእግርና በበቅሎ። በዚያ ዘመን በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ የታወቀ ነበር። አሞሌው ጨው ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ቡናው፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ይወጣል። እውነቱ አይደበቅም፤ በባርነት የተያዘ ሰውም በዚያው መንገድ ተነድቷል። የነጋዴው መንገድ በተቻለ መጠን የጋራውን ጀርባ፣ ውኃ ከፋዩን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ክረምት ሲገባ ወንዝ እንዳያግደው፣ ረግረግ እንዳያሰጥመው። ይህን የወሰነ መሐንዲስ አልነበረም። ስንት ትውልድ በእግሩ ሞክሮ፣ ያልሆነውን ትቶ፣ የሆነውን ያጸናው ነው። ፈረንሳዮች ለስላሳውን መስመር ከባቡር ወረሱ፤ እኛ ደረቁን መስመር ከእግረኛ ወርሰናል።

ታዲያ ይህ ውርስ ዛሬ እንዴት ነው? እናንተ ታውቁታላችሁ። ዘንድሮ አንድ ትልም፣ ከርሞ አንድ ትልም እየተጨመረበት መንገዱ ይጠባል። ሁለት የተጫነ አህያ ጎን ለጎን ያልፍበት የነበረው ለአንድ ሰው ይሆናል፤ ቀጥሎ ከብቱ ማሳ ይረግጣል፤ ቀጥሎ ጠብ ይነሣል፤ ቀጥሎ መንገዱ በእሾህ ይታጠራል። ሌላ ቦታ ጎርፍ ገብቶ ቦረቦር ያደርገዋል። ገበሬውን አልወቅስም። መሬት በጠበበበት አገር፣ በሦስት ልጆች መካከል አንድ ጥማድ በሚካፈልበት ቤት፣ የማንም ያልሆነ መሬት ለዓይን ትልቅ ነው። የመንገዱ ጥፋት የማንም አለመሆኑ ነው።

መንገዱ ሲዘጋ ሰው የት ይሄዳል? ወደ አስፋልቱ ይወጣል። በዚህ ከተማ የገበያ ቀን ጠዋት አስፋልቱ ዳር ቆማችሁ ተመልከቱ። እንስራና ጆንያ የተሸከሙ እናቶች፣ በግ የሚነዱ ልጆች፣ ደብተር የያዙ ተማሪዎች፣ የተጫነ አህያ፣ ጋሪ፤ አጠገባቸው ባጃጅ፣ አይሱዙ፣ ነዳጅ የጫነ ቦቴ፣ ለመቅደም የሚሽቀዳደም ሚኒባስ። በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሕፃን ብዙ ጊዜ መኪና ውስጥ የነበረ አይደለም፤ በእግሩ የሚሄድ ነው። ስለ አደጋ ስንነጋገር ሹፌሩን እንከሳለን፤ ፍጥነቱን እንከሳለን፤ ልክ ነው። ያ ልጅ አስፋልቱ ላይ ምን አወጣው የሚለውን ግን አንጠይቅም። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ይሄድበት የነበረው መንገድ ስለታረሰ ሊሆን ይችላል።

ስለ እግረኛ መንገድ መጨነቅ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ ሰባራ ድልድይን ያስብ። ከሞጣ ወዲያ ዓባይ ላይ፣ ጎጃምን ከጎንደር ወገን የሚያገናኘው ያ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ዘመን መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሰው በገመድ እየተጎተተ፣ ከታች ዓባይ እየጮኸ፣ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። ለገበያ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሕክምና። በ2002 እ.ኤ.አ. ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ የአሜሪካ ግብረ ሠናይ ድርጅት ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ጠገነው፤ ጥገናውን ጎርፍ ሲወስደው በ2009 እ.ኤ.አ. ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። መኪና አያልፍበትም። መኪና ስለማያልፍበት ግን ዋጋው አላነሰም።

ብስክሌትስ ለእኛ እንግዳ ነው? አይደለም። ባሕር ዳርን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ሜዳው፣ ሰፋፊው ጎዳና፣ ዘንባባው፤ ሠራተኛውና ተማሪው በብስክሌት የሚንቀሳቀስባት ከተማ ሆና ነው ስም ያወጣችው። በየከተማችንም ልጆች በሰዓት ተከራይተው፣ ወድቀው፣ ጉልበታቸው ተልጦ ነው መንዳት የሚለምዱት። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ስለዚህ ጉልበቱም፣ ታሪኩም አለን፤ የጎደለው ተረጋግቶ የሚነዳበት ቦታ ነው።

መንግሥትም ነገሩን አልዘነጋውም። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ‹መንገድ ለሰው› ተብሎ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት ተለቀቁ። ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚሠራበት ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም ወጥቷል። በኮሪደር ልማቱ በአዲስ አበባ የብስክሌት መስመር እየተሠራ ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የከተማ ነገር ነው። አብዛኛው የኢትዮጵያ እግረኛ ያለው ገጠር ነው፤ የገጠሩ እግረኛ መንገድ ግን በውይይቱ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

‹ጎጃም ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ብስክሌት ምን ያደርግልናል?› የሚል ይኖራል። ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን ማንም በብስክሌት ውጣ አይልም። ደጋው ግን ሁሉም ገደል አይደለም፤ በጋራው ጀርባ ላይ ረጅም ሜዳ አለ፤ የነጋዴው መንገድም ያንኑ መርጦ ነው የሄደው። ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠሩት የጠጠር መንገዶችም አሉ፤ አምቡላንስና ማዳበሪያ ያደረሱልን። በእነዚህ ላይ በቀን የሚያልፈው መኪና ጥቂት ነው። ፈረንሳዮችም እንዲህ ባለው ቦታ ብስክሌቱንና የመንደሩን መኪና አብረው ነው የሚያስሄዱት፤ ምልክት ያቆማሉ፣ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ከባዱ ጭቃው ነው። መረሬ አፈር በሐምሌ ጎማና ፍሬን ይይዛል፤ ጎሚስታ ያለበት ከተማ ሩቅ ነው። ስለዚህ የእኛ የብስክሌት ጉዞ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ግንቦት ነው፤ አደይ አበባው ሳይረግፍ ጀምሮ እስከ ክረምቱ ዝናብ።

ገንዘቡስ? በፈረንሳይ በብስክሌት መስመሮች ዳር ያሉ እንግዳ ማረፊያዎች አንድ የጋራ ምልክት አላቸው። ምልክቱን ለማግኘት ማረፊያው ከመስመሩ 5 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ መሆን፣ ብስክሌት በሰላም የሚያድርበት ክፍል መኖር፣ ጎማ መለጠፊያና መፍቻ መቀመጥ አለበት። ይህን ያህል ነው። ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል አልተጠየቀም። እኛ አገርም የሚመሳሰል ነገር ተሠርቷል። በወሎ መቄት፣ ተስፋ በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ፣ መንደሮቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ማረፊያዎች ተሠርተው እንግዳው ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ቀኑን በእግሩ ሲሄድ፣ አህያዋ ዕቃውን ተሸክማ ስትከተል፣ ገቢው ለመንደሩ ሲገባ ቆይቷል። እዚህ ጎረቤታችንም፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር ነው። የእንግዳው መዳረሻ አለ፤ የሚደረስበት ጸጥ ያለ መንገድ ነው የቀረው።

በዚህ ላይ ግን ለእናንተ ሐሰት አልናገርም። ሰላም በሌለበት እንግዳ አይመጣም። የክልላችን መንገድ ባለፉት ዓመታት ምን እንዳየ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሐሳቤን በእንግዳ ላይ አልመሠርተውም። እንግዳው ከመጣ ጥሩ፤ ባይመጣም መንገዱ ለተማሪው፣ ለነፍሰ ጡሯ፣ ለአዛውንቱ፣ ለቄሱ ይጠቅማል። በፈረንሳይም ቢሆን በእነዚያ መንገዶች ላይ ከሩቅ ከመጣው ተጓዥ ይልቅ ዘወትር የምታዩት የዚያው መንደር ሰው ነው፤ ውሻውን የሚያንሸራሽር፣ ልጁን የሚያደርስ፣ ከጉልበት ሕመም የሚያገግም።

እንግዲህ ምን እናድርግ ለምትሉኝ፣ ከትንሹ እንጀምር እላለሁ። የክልላችን የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ሲጀመር ከሙከራ ቦታዎቹ አንዱ እዚሁ አጠገባችን ጎዛምን ወረዳ ነበር። ያ ሥራ የሁሉንም ማሳ ወሰን ጽፎ ለገበሬው ደብተር ሰጠ፤ ትልቅ ነገር ነው። ማሳው ሲለካ በማሳና በማሳ መካከል ያለው መንገድ ግን የሁለቱ ወሰን ማብቂያ ሆኖ ነው የታየው እንጂ ራሱን ችሎ፣ ስም ወጥቶለት፣ ስፋቱ ተለክቶ አልተጻፈም። እሱ ይጻፍ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ፣ ሽማግሌዎቹና የመሬት አስተዳደር ባለሙያው አብረው ይሂዱበት። ስፋቱ ሁለት የተጫነ አህያ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ያ ለብስክሌትም፣ ቃሬዛ ለተሸከመ ሰውም ይበቃል። ድንበሩ ላይ ድንጋይ ይተከል፣ ከዚያ ዛፍ። ከማሳው የተወሰደበት ገበሬ ካለ በሽማግሌ ፊት ይታይ፤ በጉልበት አይሁን፤ በጉልበት የተከፈተ መንገድ ሌሊት ይታጠራል።

ሁለተኛው፣ መንገዱ አይቆረጥ። ፈረንሳዮች ብዙ የደከሙበት ይህ ነው፦ 40 ኪሎ ሜትር ያማረ መንገድ ሠርተው በ200 ሜትር አደገኛ መገናኛ ምክንያት እናት ልጇን አትልክበትም። የእኛ መገናኛ አስፋልቱ ነው። የእግር መንገዶቹ አስፋልቱን የሚያቋርጡባቸው ቦታዎች ይለዩ፤ እዚያ ላይ መኪና የሚያዘገይ ጉብታና ምልክት ይጠየቅ። ይህ ለመንገዶች አስተዳደር የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ ከተራበ ሰው አፍ የሚነጥቀው እህል የለም።

ሦስተኛው ለወጣቶቹ ነው። መንገድ ካልተሄደበት ይጠፋል። ብስክሌት ያላችሁ፣ ተከራይታችሁም ቢሆን፣ ከበዓለ ጥምቀት በኋላ ባሉት ደረቅ ቅዳሜዎች ውጡ። የትኛው መንገድ የት እንደሚያደርስ፣ የት ውኃ እንደሚጠጣ፣ የት እንደተቆረጠ እየጻፋችሁ ተመለሱ። ሴት ልጆቻችንም ይውጡ፤ ትምህርት ቤት የራቀባት ልጅ ብስክሌት ብታገኝ ትምህርቷን የማታቋርጥበት ዕድል ይሰፋል፤ መንዳት ደግሞ ለወንድ ብቻ የተሰጠ አይደለም።

እነሆ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። ወረቀቱ ላይ አስፋልቱና ከተማዋ ብቻ ተሥለዋል፤ ሌላው ባዶ ነው። አባቶች፣ ስትወጡ አንድ አንድ መንገድ ንገሩን፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ማን እየተባለ እንደሚጠራ፣ አሁን ክፍት ይሁን ዝግ። ተማሪዎቹ ይጽፉላችኋል። እናቶችም አትቅሩ፤ የውኃውንና የወፍጮውን መንገድ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።